የተቆጣ ውሃን በፎቶ ለመያዝ የቱ ይሻላል? ስልክ፣ አክሽን ካሜራ፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው። ሰማዩ በወረባቦ በኩል ጠቆረ፣ ነፋሱ ድንገት ተነሳና ሐይቁን ያተራምሰው ጀመር። ውሃው መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ የእርሳስ ቀለም፣ በመጨረሻ ጥቁር ሆነ። ማዕበሉ ዳር ያለውን ፊላ እያጎነበሰ ይመጣና ድንጋይ ላይ ሲፈርጥ ፍንጣቂው ፊቴ ድረስ ይደርስ ነበር። አጠገቤ የቆመ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሃምሳ ጊዜ ያህል አነሳ። ዝናቡ ሲበረታ አንድ ሻይ ቤት ተጠልለን ፎቶዎቹን አብረን አየናቸው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ይሄ እኮ የተኛ ውሃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ቁጣ ስልኩ ላይ ጠፍጣፋ ግራጫ ሰሌዳ ሆኖ ቀርቷል።

ይሄን ጥያቄ ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ የሚያነሱ ልጆች ክረምት ሲገባ ሥራ ይቀዘቅዝባቸውና ወደ ሐይቅ፣ ወደ አርዲቦ፣ ወደ ቦርከና ይወርዳሉ። አንዳንዱ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የመሄድ ዕድል ያገኛል። ዐረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ትልቁን ባሕር በየቀኑ ያዩታል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የትኛውን ካሜራ ልግዛ? መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ማይገባው ቦታ ላይ ሲያፈስ ስላየሁ፣ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው ብዬ ተነሳሁ።

## ማዕበሉ ፎቶ ላይ ለምን ይተኛል?

ካሜራ ከመምረጣችሁ በፊት ይሄን መረዳት አለባችሁ፤ ምርጫው በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማዕበልን የሚያሳድጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የነፋሱ ጉልበት፣ ነፋሱ ሳያቋርጥ የሚነፍስበት ጊዜ፣ እና ነፋሱ የሚንደረደርበት ክፍት ውሃ ርዝመት። የኛ ሐይቅ ርዝመቱ 6.7 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ምንም ቢበረታ ማዕበሉ ለማደግ ቦታ የለውም፤ ሳያድግ ዳር ይደርሳል። የዐረብ ባሕርን ውሰዱ። እዛ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው የሞንሱን ነፋስ ስንትና ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ ላይ ተንደርድሮ ነው የኦማን ዳርቻ የሚደርሰው። ስለዚህ የኛ ማዕበል ከጉልበታችን ሳያልፍ ሲቀር የነሱ ቤት ያክላል።

ይሄ ግን ተስፋ አያስቆርጥም። ፎቶ ላይ ቁጣውን የሚያሳየው የማዕበሉ ቁመት ብቻ አይደለም። ካሜራው የት ቁመት ላይ እንዳለ፣ ከየት ርቀት በምን ሌንስ እንደታየ፣ አጠገቡስ ምን እንዳለ ነው። ቆማችሁ ከአይናችሁ ቁመት ወደ ታች ስታነሱ ውሃው ወለል ይመስላል። ካሜራውን ውሃው ልክ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ ስታነሱ ግን ያው ማዕበል አድማሱን ቆርጦ ይወጣል። ራቅ ብላችሁ በረጅም ሌንስ ስትስቡት ደግሞ ከኋላ ያለው ተራራ የተጠጋ ይመስላል፤ ማዕበሉም ተራራው ላይ የሚወጣ ይሆናል።

መመዘኛም ያስፈልጋል። በ1989 ዣን ጊሻር የተባለ ፈረንሳዊ በብሪታኒ ዳርቻ ላ ዡማን የሚባለውን የባሕር መብራት ግንብ ከሄሊኮፕተር አንስቶ ነበር። ማዕበሉ ግንቡን ከኋላ አቅፎ ሊውጠው ደርሷል። በሩ ላይ ደግሞ የመብራቱ ጠባቂ ቆሟል። ያን ሰውዬ ከፎቶው ላይ አውጡት፤ የቀረው ድንጋይና አረፋ ነው። ሰውየው ስላለ ግን ትንፋሽህን ያስይዝሃል። ፖርቱጋል ናዛሬም እንደዛው ነው። እዛ በ2020 አንድ ሰው የተንሸራተተበት ማዕበል 26.21 ሜትር ተለክቷል። ፎቶ አንሺዎቹ ግን ገደሉ ላይ ሆነው፣ ያን ቀይ የመብራት ማማ ያለበትን ምሽግ ከፊት አድርገው፣ በረጅም ሌንስ ነው የሚያነሱት። እኛ ጋ መመዘኛው የአሳ አስጋሪ ጀልባ ሊሆን ይችላል። ዳር የታሰረ በሬም ይሆናል። ገና ያልሸሸች አንዲት ወፍም ትበቃለች።

እና የመጀመሪያው መመዘኛዬ ከዚህ ይወጣል፦ ካሜራው ሩቅ ማየት ይችላል ወይ?

## በምን እንመዝናቸው

ርቀት። የስልክ ዋናው ካሜራ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ነው። ሰፊ ያያል፣ ሩቁን ያሳንሳል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል። ለማዕበል ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ብታገኙ ነው የምትደሰቱት።

ፍጥነት። ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሹተር ስፒድ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ፍንጣቂው ጠብታ ጠብታው እንዲለይ 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዛ የፈጠነ ትፈልጋላችሁ። ሁለተኛው ካሜራው በሰከንድ ስንት ፍሬም ያነሳል የሚለው ነው። ማዕበል የሚፈነዳበት ቅጽበት አይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም።

ደብዛዛ ብርሃን። ወጀብ ሲመጣ ይጨልማል። በዛ ላይ 1/1000 ስትሉት ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይሰቅለዋል። ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) እዚህ ይወድቃል።

ነጩና ጥቁሩ። አረፋው በጣም ነጭ፣ ደመናው በጣም ጥቁር ነው። ካሜራው ደመናውን አይቶ «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምርና አረፋው ይቃጠላል። አንዴ የተቃጠለ ነጭ ደግሞ በኮምፒውተር አይመለስም። ስለዚህ ሮው ፋይል (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፎቶ) የሚያነሳ፣ ብርሃኑን በእጅ ለመቀነስ የሚመች ካሜራ ያስፈልጋል።

ውሃና ጨው። ዝናብ አንድ ነገር ነው፣ የባሕር ጨው ሌላ ነገር ነው። ሐይቅ ጨዋማ አይደለም፤ ይሄ ለኛ ትልቅ ዕድል ነው። የባሕር ዳርቻ ላይ ግን ጨዉ በነፋስ ተሸክሞ ይመጣል፣ ብረቱን ይበላል፣ የዙሙ ቀለበት ውስጥ ይገባል።

ኪስና ባትሪ። ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ግን እነግራችኋለሁ። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ባትሪ እንደ ቀላል ነገር አይታይም።

ድሮንን እዚህ አላስገባሁም። ያለ ፈቃድ ማብረር አይቻልም፤ ማዕበል በሚያስነሳ ነፋስ ደግሞ ትናንሾቹ አይቆሙም።

## ስልክ

ስልክ ያላችሁ ሰዎች አብሽሩ። ያ ልጅ ያነሳው ፎቶ የተኛው ስልክ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቆሞ፣ በሰፊው ሌንስ፣ አውቶ ላይ አድርጎ ስላነሳ ነው።

ስልክ ለማዕበል ዋናው ችግሩ ብዙዎቹ አንድ ፎቶ ለመሥራት በርካታ ፍሬሞችን ማደባለቃቸው ነው። ለቆመ ነገር ጥሩ ነው። ለሚንቀሳቀስ ውሃ ግን አረፋውን እንደተቀባ ቀለም ያደርገዋል። ስለዚህ ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅ የምታስተካክሉበት) ካለው እሱን ክፈቱና ሹተሩን 1/1000 አድርጉት። ሮው ካለው ሮው ላይ አንሱ። ከሌለው ስክሪኑ ላይ አረፋውን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱት።

ስልካችሁ 3 እጥፍ ወይም 5 እጥፍ የሚያቀርብ የራሱ ሌንስ ካለው ለዚህ ሥራ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሲጨልም ብዙ ስልኮች 3 እጥፍ ብትሉትም የሚያቀርበውን ሌንስ ትተው ከዋናው ካሜራ ቆርጠው ይሰጧችኋል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ረጅሙን ሌንስ በጣታችሁ ሸፍኑት። ስክሪኑ ካልጨለመ ስልኩ እሱን እየተጠቀመ አይደለም።

ዝናብ ላይ ጠብታው ራሱ ስክሪኑን እየነካ ያስቸግራል። ድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ እንደ ማንሻ ተጠቀሙበት። ውሃ አያስገባም የተባለ ስልክም ቢሆን የተፈተነው በንጹህ ውሃ ነው፣ በጨው አይደለም። ውሃ ገብቶ ቢበላሽ ደግሞ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም።

ስልክ የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ዝቅ ማለት። ተገልብጦ ሌንሱ ወደ ታች ሲሆን ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያያል። ትልቅ ካሜራ ይዛችሁ እንደዛ መተኛት ይከብዳል።

## አክሽን ካሜራ

ዱላ ወይም ሰውነት ላይ የምትታሰረዋ ትንሿ ካሜራ ናት። ባጭሩ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ብላችሁ አትግዙት።

ውሃ አይፈራም፣ ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ሽፋን 10 ሜትር ድረስ ይጠልቃሉ። ግን እጅግ ሰፊ ነው የሚያዩት። ማዕበሉ ትልቅ እንዲመስል ካሜራው ማዕበሉ ውስጥ መሆን አለበት፣ በወጀብ ቀን ደግሞ እዛ ውስጥ ማንም መሆን የለበትም። ያላችሁ ሰዎች ረጅም ዱላ ላይ አስራችሁ ዳር ካለ ድንጋይ ጀርባ ዝቅ አድርጉት። ቪዲዮው ያምራል። ፎቶው ግን በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይሆንም።

## ብሪጅ ካሜራ

ሌንሱ የማይፈታ፣ ከ24 እስከ 600 ሚሊ ሜትርና ከዛም በላይ የሚስብ ካሜራ ነው። ርቀት በርካሽ ከፈለጋችሁ ይሄን የሚያህል የለም። ችግሩ ሴንሰሩ ነው፤ የብዙዎቹ ሴንሰር ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ፀሐይ ባለበት ጥሩ ይሠራል። ደመናው ሲዘጋ ግን ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ተስፋ የምቆርጥበት ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። ፎከሱ ማዕበሉን እስኪያገኘው ማዕበሉ ሄዷል።

## ያገለገለ ዲኤስኤልአር

ዲኤስኤልአር ማለት ሌንሱ የሚቀየር፣ የምታነሱትን ውስጡ ባለ መስታወት አማካይነት የምታዩበት ካሜራ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለወሎ ልጅ፣ ለኛ ኪስና ለኛ ሁኔታ፣ እኔ የማምነው ይሄን ነው።

ዓለም ወደ ሚረርለስ (ያ መስታወት ወደሌለው ካሜራ) ሲዞር ብዙ ሰው ዲኤስኤልአሩን ሸጠ። ሌንሶቹም አብረው ረከሱ። ዛሬ አንድ አዲስ ደህና ስልክ በሚገዛበት ገንዘብ ያገለገለ ቦዲ (ሌንስ የሌለው ካሜራው ራሱ) እና 55–250 ወይም 70–300 ሌንስ ማግኘት ይቻላል። ትንሽ ሴንሰር ባላቸው ቦዲዎች ላይ 250ው ወደ 400 ሚሊ ሜትር፣ 300ው ወደ 450 ሚሊ ሜትር ያህል ያያል። ይሄ ለሐይቅም ለቦርከናም ከበቂ በላይ ነው።

ባትሪው ረጅም ነው። በመስታወት ስለምታዩ ስክሪን አይበላም። በአንድ ሙሌት ብዙዎቹ ከ500 እስከ 800፣ አንዳንዱ ከ1000 ፎቶ በላይ ይሄዳል። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ ሥራችሁ አይቆምም። ሲበላሽም የሚያውቀው ጠጋኝ ይገኛል።

ጉድለቱስ? ርካሾቹ ቦዲዎች በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ፍሬም ነው የሚያነሱት። ማዕበል ላይ ይሄ ያናድዳል። መድኃኒቱ መቁጠር ነው። ማዕበል ሲመጣ ቁሙና እዩት፤ በምን ያህል ሰከንድ ልዩነት እንደሚመታ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚፈነዳ። አሥር ያህል ከቆጠራችሁ በኋላ ጣታችሁ ራሱ ያውቀዋል። እኔ በ5 ፍሬም ቦዲ የያዝኩትን ፎቶ በ20 ፍሬም ቦዲ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሳይቆጥሩ ስለሚጫኑ።

ሌላው፣ መስታወቱ ውስጥ ስታዩ ብርሃኑ ልክ መሆን አለመሆኑ አይታይም። የመጀመሪያውን ፎቶ አንሱና ሂስቶግራሙን (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፤ ወደ ቀኝ ጥግ ተጣብቆ ከሆነ አረፋው ተቃጥሏል። በ2/3 ወይም በ1 ስቶፕ ቀንሱ፤ 1 ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው። ከዛ አትነካኩት።

አሁን ስለ መግዛቱ። የመጀመሪያውን ረጅም ሌንሴን የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው፣ «እንደ አዲስ ነው» ተብዬ። ቤት ገብቼ ባትሪ አብርቼ ሳየው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። ለመመለስ ስሄድ «ሲወጣ ደህና ነበር» ተባልኩ። ያ ሌንስ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ፎቶውን ሁሉ ወተት ያደርገዋል። ስለዚህ እናንተ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ የስልካችሁን መብራት ከሌንሱ ኋላ አብሩና ከፊት በሰያፍ እዩ። ዙሙን አዙሩት፤ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለው ተዉት። የቦዲውን የሹተር ቁጥር (እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ) ጠይቁ። መለስተኛ ቦዲዎች ብዙውን ጊዜ ለ100 ሺህ ያህል ምት ነው የሚሠሩት። ሰርግ ላይ የኖረ ካሜራ ደግሞ ይሄን ቶሎ ይጨርሰዋል። የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ እርጥበት አግኝቶታል ማለት ነው። መልሱት።

## ሚረርለስ

ገንዘቡ ካለ ለማዕበል ከዚህ የተሻለ የለም። ይሄን ሳልሸፋፍን ልናገር።

ብርሃኑን ከመጫናችሁ በፊት መመልከቻው ውስጥ እንዳለ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ነጩ ሲቃጠል በሚንቀሳቀስ መስመር ያስጠነቅቃሉ፤ ለአረፋ ይሄ ወርቅ ነው። በሰከንድ 10፣ 15፣ 20 ፍሬም የተለመደ ሆኗል። ሴንሰሩ ውስጥ ማረጋጊያ ያላቸው ደግሞ በእጅ ይዛችሁ በ1/8 ሰከንድ እንድታነሱ ያስችሏችኋል። ቦርከና ሞልቶ ሲወርድ በ1/8 ብታነሱት ድንጋዩ ቁልጭ ብሎ ውሃው ጅማት ጅማት ይሆናል፣ ጉልበቱ ይታያል። (30 ሰከንድ ከፍቶ ባሕሩን ጉም የማድረግ ነገር አለ። ያምራል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልወደውም፤ የተቆጣውን ውሃ ያስተኛዋል።)

የሚያስቸግረው ሌንሱ ነው። ቦዲውን እንደምንም ገዝቶ ከቦዲው ጋር በመጣው አጭር ሌንስ የቀረ ስንቱን አይቻለሁ። በ18–55 ማዕበል ስታነሱ ከስልኩ ያን ያህል አትርቁም። ስለዚህ ሚረርለስ የምትገዙ ከሆነ በጀቱን ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ እንዲያውም ለሌንሱ ይብዛ። አንዳንድ ብራንዶች የድሮ ዲኤስኤልአር ሌንሶቻቸውን በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ይቀበላሉ። ያ ጥሩ መንገድ ነው።

ባትሪው ከ300 እስከ 500 ፎቶ ነው፣ ሁለት ትርፍ ያዙ። ሌላም አለ፤ ሌንስ ስትቀይሩ ብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ተጋልጦ ነው የሚታየው። የባሕር ዳርቻ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ጅቡቲ በሞቃት ወራቸው ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋና አቧራ ይዞ ይመጣል። እዛ ቦታ አንዴ የተከፈተ ካሜራ እስከ ቤት ድረስ ነጥብ ነጥብ ያለበት ፎቶ ይሰጣችኋል።

## ባንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ርቀት | ፍጥነት | ደብዛዛ ብርሃን | ውሃና ጨው | ባትሪ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ስልክ | ደካማ፣ 3 ወይም 5 እጥፍ ሌንስ ካለው መካከለኛ | መካከለኛ | ደካማ | ዝናብ ይችላል፣ ጨው ያሰጋዋል | ፓወር ባንክ ይበቃዋል | በእጅ ያለ ነው |
| አክሽን ካሜራ | የለውም | ጥሩ | ደካማ | በጣም ጥሩ | አጭር | መካከለኛ |
| ብሪጅ | በጣም ጥሩ | ደካማ | ደካማ | አብዛኛው ሽፋን ይፈልጋል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከ250 ወይም 300 ሌንስ ጋር | ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ | ሽፋን ይፈልጋል | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| ሚረርለስ ከረጅም ሌንስ ጋር | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | እንደ ቦዲው፣ ሽፋን አይጠላም | አጭር | ከባድ |

## ለማን የቱ

ገንዘብ የሌለው ሰው በስልኩ ይጀምር። ለአንድ ክረምት ሙሉ በስልክ ዝቅ ብሎ ማንሳት፣ መቁጠር፣ ብርሃን መቀነስ ከተለማመደ በኋላ ቢገዛ የሚያስፈልገውን ያውቃል።

ሰርግ የምታነሱ ልጆች ቦዲ አላችሁ። አዲስ ቦዲ አትግዙ። ያገለገለ 70–300 ፈልጉ፣ በቃ። ያ ሌንስ ሰርግም ላይ የሙሽራዋን እናት እንባ ከሩቅ ይይዝላችኋል፤ ገንዘቡ ይመለሳል።

ምንም የሌለው ግን ትንሽ የቆጠበ ሰው፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ከረጅም ሌንስ ጋር። ቪዲዮ ለመለጠፍ ብቻ የሚፈልግ፣ አክሽን ካሜራ ወይም ያው ስልኩ።

ዐረብ አገር ያላችሁ፣ በተለይ ኦማን ሳላላ መድረስ የምትችሉ፣ እናንተ ጋ ነገሩ ይለያል። በክረምታቸው ሙግሳይል ላይ ባሕሩ ከድንጋዩ ሥር ገብቶ በቀዳዳው እንደ ምንጭ ወደ ላይ ይተፋል። እንዲህ ያለ ባሕር ካላችሁ፣ ካሜራውም እዛ የሚረክስላችሁ ከሆነ፣ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ ሚረርለስና የታሸገ ሌንስ ግዙ። አንዱ ብቻ ታሽጎ ሌላው ካልታሸገ ጥቅም የለውም፤ ውሃው በመገጣጠሚያው ይገባል።

ለሁላችሁም የሚሆን ርካሽ ነገር ልጨምር። ወፍራም ፌስታል ውሰዱ፣ ታቹን ቀዳችሁ ሌንሱን አውጡበትና በላስቲክ እሰሩት። እጃችሁን በክፍቱ በኩል አስገቡ። ለዓመታት የሠራሁት በዚህ ነው። የታጠበ ጥጥ ጨርቅ ሦስት አራት ያዙ፣ አንዱ ሲርስ ሌላው እንዲኖር። ከባሕር ስትመለሱ ካሜራውን በንጹህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በደረቅ። ጨው ሳይርስ ደርቆ ከተፈተገ ሌንሱን ይጭረዋል። ትራይፖድ የምትጠቀሙ ከሆነ እግሩን አታርዝሙ፤ ቦርሳችሁን መሀሉ ላይ ስቀሉበት።

ከደሴ ወደ ቆላ ለሚወርዱ ደግሞ አንድ የኛው ችግር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጧት ካሜራችሁ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነው የሚነሳው። ጅቡቲ ባሕር ዳር፣ በዛ እርጥብ ሙቀት ውስጥ፣ ከቀዘቀዘ ክፍል ወይም መኪና ይዛችሁት ስትወጡ ሌንሱ ወዲያው ላብ ያልበዋል። አትጥረጉት። ቦርሳው እንደተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ አስቀምጡት፣ ሙቀቱ ከአየሩ ጋር ይስተካከል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ቦታዋ ነው።

## ስለ መቆሚያ ቦታ

ሐይቅ ላይ ነፋሱ የሚገፋበትን ዳር ምረጡ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ከመጣ ማዕበሉ ከናንተ እየሸሸ ነው፣ የምታነሱት ጀርባውን ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ በከተማው በኩል ያለው ዳር ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በደመናው ቀዳዳ ብቅ ካለች ከኋላችሁ ሆና አረፋውን ታበራዋለች፣ ከፊታችሁ ደግሞ ጥቁሩ ደመና ይቀራል። እኔ የምወዳቸው ፎቶዎች ሁሉ በዛች በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተገኙ ናቸው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ስትሄዱ አባቶችን አስፈቅዱ። ቀድሞ ደሴት የነበረ ቦታ ስለሆነ ውሃው በብዙ በኩል ይታያል። ግን ገዳም ነው፤ እንደ ፎቶ መድረክ አይገባበትም።

ቦርከና፣ በሽሎና ሚሌ ላይ ግን ሌላ ሕግ ነው። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ሳይዘንብ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። ወንዙ አልጋ ውስጥ አትውረዱ። ከላይ ሆናችሁ በረጅም ሌንስ አንሱ። ረጅም ሌንስ ግዙ የምለው ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ከአደጋው አርቆ ያቆማችኋል። ባሕር ላይም እንደዛው፤ ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ማዕበል ደርሶበታል ማለት ነው፣ ተመልሶም ይደርስበታል። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብላችሁ ትልቁ ማዕበል የት እንደሚደርስ እዩ።

የዛን ነሐሴ ቀን አንድ አሳ አስጋሪ ጀልባውን ጎትቶ እያወጣ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ አየኝና «ልጄ፣ ውሃው ሲጠቁር እኛም እንወጣለን፤ አንተ ወዴት ነው የምትገባው?» አለኝ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩና ሌንሱን 300 ላይ አደረግኩት። ከዛ ቀን ያስቀረሁት ፎቶ እሱው ነው፤ ሽማግሌው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከኋላው ማዕበሉ ወገቡ ድረስ ቆሞ።